ደህና ቀን ሲመጣ ቤቱን ሁሉ ልሥራ እላለሁ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 62 ነው። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ቀኝ ዳሌዬን ለብዙ ዓመት ሲያመኝ ቆይቶ አዲስ አበባ ሄጄ መገጣጠሚያው ተቀየረልኝ። አሁን ሰባተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። በስድስተኛው ሳምንት ለቀጠሮ ስሄድ ሐኪሙ ራጁን አይቶ «በጣም ጥሩ ነው፣ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ» አለኝ። ግን ቀስ ማለት ምን ያህል ነው?

አንዳንድ ቀን ስነሳ ምንም አያመኝም። ያን ቀን ቤት አጸዳለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ቡና አፈላለሁ፣ ጠያቂ አስተናግዳለሁ። ማታ እግሬ አብጦ ያድራል። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መውረድ ያቅተኛል። ልጄ «እማዬ፣ አርፈሽ ተኚ» ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ «ከተኛሽ ይተሳሰርብሻል፣ ተንቀሳቀሺ» ትለኛለች። የባለቤቴ እህት ወጌሻ ላምጣልሽ ብላለች። በዚህ ላይ በሚመጣው ወር በ21 የማርያም ማኅበር ተራዬ ነው። ሰው ቤቴ መጥቶ ሳላስተናግድ መቀመጥ አልችልበትም። እኔ አሁን እየበረታሁ ነው ወይስ ራሴን እየጎዳሁ?
እናት ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦
እናታችን፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት። ለዓመታት በሕመም የኖረ ሰው፣ ሕመሙ አንድ ጠዋት ሲለቀው የቀረውን ሥራ ሁሉ በዚያው ቀን ላዳርስ ማለቱ አይገርምም። ደብዳቤዎን ያነበቡ ብዙ ታካሚዎች «የእኔው ታሪክ ነው» እንደሚሉ እርግጠኛ ነኝ።

መጀመሪያ የሚያስጨንቅዎትን ልመልስ። ከጻፉልኝ ነገር ውስጥ አዲሱ መገጣጠሚያ ተጎድቷል የሚያሰኝ ምልክት አላየሁም። በሰባተኛው ሳምንት ማታ ማታ እግር ማበጡ፣ ሥራ በበዛበት ማግስት ጭን መክበዱ የሚያጋጥም ነው። እብጠቱ ለወራት እየመጣ ሊሄድም ይችላል። ግን በዚህ አያያዝዎ እየበረቱም አይደለም። አንድ ቀን ከአቅም በላይ ሠርተው ሁለት ቀን ሲተኙ ሦስቱም ቀን ይባክንብዎታል። ጡንቻ የሚጠነክረው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሠራ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ልንገርዎት። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያምዎት የነበረው የመገጣጠሚያው ልስላሴ አልቆ አጥንት ከአጥንት ጋር ስለሚፋተግ ነው። ያ የተበላው ክፍል ወጥቶ በምትኩ አዲስ ገብቷል። ስለዚህ የድሮው ሕመም ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሄዳል። ለዓመታት «በቃሽ፣ ተቀመጪ» ሲልዎት የኖረው ድምፅ አሁን የለም። ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል። ሐኪሙ መገጣጠሚያው ጋ ለመድረስ በሥጋ ውስጥ አልፏል። ጡንቻ ተከፍቷል፣ የተነካው ተሰፍቷል። ከላይ ቁስሉ ሲደርቅ ሰው ሁሉ «ዳነች» ይላል። ከሥር ያለው ግን ገና ነው። መገጣጠሚያው ያለ ሲሚንቶ (ብረቱን ከአጥንት ጋር ከሚያያይዘው ማጣበቂያ ውጭ) የገባ ከሆነ ደግሞ አጥንትዎ ወደ ብረቱ አድጎ አጥብቆ እስኪይዘው ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ለዓመታት ሲያነክሱ የመቀመጫዎ ጡንቻ ሰንፏል።

ራጅ የሚያሳየው አጥንቱንና ብረቱን ነው። የደከመ ጡንቻ ራጅ ላይ አይወጣም። ሐኪሙ «በጣም ጥሩ ነው» ሲልዎት እውነቱን ነው፤ ብረቱ በቦታው ተቀምጧል ማለቱ ነው። እንጀራ ለመጋገር ደርሰዋል ማለቱ ግን አይደለም። ብዙ ሰው ወደ ተለመደው የቤት ኑሮው የሚመለሰው በ3 ወር አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላም ጉልበቱ እስከ 1 ዓመት ድረስ እየጨመረ ይሄዳል። እርስዎ ገና 2 ወር አልሞላዎትም።

ልጅዎና ጎረቤትዎ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ይህ ሕክምና በፈረንጆቹ 1960ዎቹ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ባስፋፉበት ዘመን ታካሚው ለሳምንታት አልጋ ላይ ይቆይ ነበር። ዛሬ ግን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተነስቶ እንዲቆም ይደረጋል። መተኛት ጡንቻን ያሰንፋል፣ ደም በእግር ውስጥ እንዲረጋም ያደርጋል። እዚህ ላይ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። ነገር ግን መንቀሳቀስና ቀኑን ሙሉ ቤት ማጽዳት ይለያያሉ። እዚህ ላይ ደግሞ ልጅዎ ልክ ናት።

እንግዲህ «ቀስ» ምን ያህል ነው? መጠኑን በደህናው ቀንዎ አይለኩት። እጅግም ደህና ያልሆኑበትን፣ እጅግም ያልከፋዎትን መካከለኛ ቀን ያስቡ። በዚያ ቀን ምን ቢሠሩ ነው በማግስቱ እንደዚያው ሆነው የሚነሱት? ምናልባት 5 ደቂቃ መራመድ ይሆናል፣ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ። ምናልባት ተቀምጠው ሽንኩርት መክተፍና አንድ ወጥ መሥራት ይሆናል። መነሻዎ ይኸው ነው። ቢያንስብዎትም ከዚያ ይጀምሩ። ለሦስት ለአራት ቀን ያንኑ ያህል ብቻ ይሥሩ። በየጠዋቱ ሲነሱ ዳሌዎን ያዳምጡ። ከትናንት ጠዋት ካልባሰ ትንሽ ይጨምሩ፤ ለምሳሌ በእያንዳንዱ መራመድ ላይ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ። ከባሰ ወደ ቀድሞው ይመለሱ።

አንድ ነገር ብቻ ይያዙ፦ ዛሬ የሠሩት መብዛት አለመብዛቱን የሚነግርዎት የነገ ጠዋት ነው። ሥራው ላይ እያሉ የሚሰማዎት ስሜት ያታልላል። ማስታገሻ ወስደው ከሆነማ የበለጠ ያታልላል። እባክዎ ብዙ ለመሥራት ብለው ማስታገሻ አይዋጡ። ማስታገሻው ለመተኛት፣ ለመራመድና የታዘዘልዎትን እንቅስቃሴ ለመሥራት ነው።

ደህና ቀን ሲመጣም ያንኑ መጠን ይጠብቁ። ከባዱ ነገር ይኼ ነው። ገና ጉልበት እያለዎት፣ «ትንሽ ብቻ ልጨምር» እያሉ፣ በዚያ ሰዓት ማቆም ያስፈልጋል። ለእርስዎ ሥራን መተው ከመሥራት የሚከብድ ይመስለኛል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ይወስኑ። «ዛሬ ወጥ እሠራለሁ፤ ቤት አላጸዳም» ብለው ለልጅዎ ይንገሯት። እሷ ታስታውስዎ።

መጥፎ ቀን ሲመጣ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይተኙ። መጠኑን በግማሽ ይቀንሱት እንጂ አይሰርዙት። ከክፍል ክፍል ይራመዱ፣ ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። በቀን ውስጥ ጋደም ብለው እግርዎን በትራስ ከፍ ያድርጉት። በረዶ ካለ በፎጣ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጭንዎ ላይ ያኑሩት። በረዶው ቆዳውን በቀጥታ አይንካው።

የቱ ሕመም የቱን እንደሚናገር ይለዩ። ጭንና መቀመጫ ላይ የሚሰማ፣ አድሮ የሚቀንስ ድካም የሠራ ጡንቻ ድካም ነው፤ አያስፈራም። ብሽሽት አካባቢ ድንገት የሚወጋ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር ከሆነ ግን ለሐኪም ይነገራል። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ምልክት አካሄድን ነው። ሲራመዱ ሰውነትዎ ወደ አንድ ጎን መጣል ከጀመረ፣ ማነከሱ ከተመለሰ፣ የዕለቱ ሥራ አልቋል። ሰዓቱ ጠዋት 4 ሰዓት ቢሆንም አልቋል።

ስለዚህ ምርኩዙን ቶሎ አይጣሉ። «ካለ ምርኩዝ መሄድ ጀመርኩ» ማለት ያስደስታል፣ ይገባኛል። ግን እያነከሱ ያለ ምርኩዝ ከመሄድ በምርኩዝ ቀጥ ብሎ መሄድ በጣም ይሻላል። ጡንቻው ትክክለኛውን አካሄድ የሚማረው እንደዚያ ነው። የታከመው ቀኝዎ ስለሆነ ምርኩዙን በግራ እጅዎ ይያዙ። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ ያ ስህተት ነው። ደረጃ ሲወጡ ደህነኛውን ግራ እግር ያስቀድሙ፤ ሲወርዱ ቀኙን።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። የቤት ሥራ ሁሉ እኩል አይደለም። «ቀላል ሥራ» የምንላቸው ለዳሌ ከባድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ።

ቡና ማፍላትን እንውሰድ። ሰው «ቡና ብቻ ነው ያፈላሁት» ይላል። ግን በርጩማ ላይ ዝቅ ብለው ተቀምጠው፣ ወደ ከሰሉ ጎንበስ ብለው፣ ሲኒ ለማንሳት ዘወር እያሉ ነው። አዲሱ ዳሌ በእነዚህ ሳምንታት የማይወደው ይህንኑ ነው። ቀዶ ጥገናው ከኋላ በኩል የተሠራ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች እስከ 6 ወይም እስከ 12 ሳምንት ሦስት ነገር ይከለክላሉ፦ ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግርን ማነባበር፣ የእግር ጣትን ወደ ውስጥ ማዞር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ መገጣጠሚያው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በርጩማው የመጀመሪያውን በየዕለቱ ያስጥሳል። ስለዚህ ለጊዜው ቡናውን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጠረጴዛ ላይ ያፍሉት። ሥርዓቱ ተጓደለ የሚል ሰው ካለ ከሐኪም ትእዛዝ ነው ይበሉት።

እንጀራ መጋገር ሌላው ነው። ረጅም ሰዓት መቆምና ከሊጡ ወደ ምጣዱ፣ ከምጣዱ ወደ ሰፌዱ መዞር አለው። ሲዞሩ እግርዎ ባለበት ተተክሎ ወገብዎ ብቻ ይዞራል። ይህን ለጥቂት ወር ለሌላ ሰው ይተዉት፤ ካልሆነ እንጀራ ይግዙ። ወለል ማጠብም ይቅር። ውሃ የሞላ ጀሪካን ማንሳት ይቅር። ሽንኩርት መክተፍ፣ ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጠፍ፣ እነዚህን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆነው ይሥሯቸው፤ ሥራ አልፈታሁም ይበሉ። ወጥ ሲያማስሉም ምድጃው አጠገብ ከፍ ያለ መቀመጫ ያኑሩ።

የሚቀመጡበት ወንበር ጉልበትዎ ከዳሌዎ በላይ እንዳይሆን የሚያደርግ ይሁን፤ መደገፊያ ክንድም ይኑረው። የሚሰምጥ ሶፋ አይሆንም። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ከፍ ያለ የሽንት ቤት ወንበር ያስፈልግዎታል፤ አናጢም ሊሠራው ይችላል። ባጃጅ በዚህ ወቅት አይመከርም። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ መንገጫገጩም አለ። መኪና ካገኙ ከፊት ይቀመጡ። ወንበሩን ወደ ኋላ አስገፍተው መጀመሪያ በመቀመጫዎ ይግቡ፣ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ያስገቡ።

ወደ ጠያቂዎቹ ልምጣ። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ የከበደዎት ይህ ይመስለኛል። እናቶቻችን ታመው እንኳ እንግዳ ሲመጣ ይነሳሉ። ይህ የሚከበር ባሕርይ ነው፤ እንዲተዉት አልመክርም። ግን በዚህ ወቅት መልኩን መለወጥ ይቻላል። ለጠያቂ የተወሰነ ሰዓት ይኑር። ከሰዓት በኋላ አረፍ ካሉ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። ይህን እርስዎ ሳይሆኑ ልጅዎ በስልክ ትንገር። ከመጡት አንዷን «እስቲ ቡናውን አንቺ አፍዪልን» ይበሏት። ደስ እያላት ትነሳለች። እርስዎም ከመቀመጫዎ ሆነው ጨዋታውን ይምሩ። ሌላው አደጋ ደግሞ ረጅም መቀመጥ ነው። ስለዚህ አቦሉ ሲያልቅ ይነሱና በረንዳው ድረስ ሄደው ይመለሱ። ከቶናው በኋላም እንደዚያው። በረካው ሲደርስ ዳሌዎ አይደርቅም።

ማኅበሩን በተመለከተ የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ተራዎን ይለዋወጡ። በ21 አሥራ አንደኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ሳምንትዎ ላይ ይሆናሉ። ያን ቀን ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያሳስበኝ የዝግጅቱ ሳምንት ነው። ጠላ መጥመቁ፣ ዳቦ መጋገሩ፣ ቤት ማሰናዳቱ ለዚህ ዳሌ ገና ነው። ለሙሴዋ ዛሬውኑ ቢነገራቸው ሌላ ሰው ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። ስእለት ሆኖብዎት ወይም ሌላ ምክንያት ኖሮ ተራውን ማለፍ ካልፈለጉ ደግሞ ሥራውን ለማኅበርተኞቹ ያከፋፍሉ። ጠላውን አንዷ በቤቷ ትጥመቅ፣ ዳቦውን ሌላዋ ትጋግር። እርስዎ ስንት ዓመት በሰው ድግስና በሰው ልቅሶ ቤት ጓዳ ሲለፉ ኖረዋል። አሁን ቢያግዙዎት ውለታ መመለሳቸው ነው። ለእርስዎ የሚቀረው ሥራ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦ ሰው መቀበል ነው።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይችላሉ። ግን ሙሉ ቅዳሴ አይቁሙ። ወንበር ይያዙ፣ ወንጌል ሲነበብ ይነሱ፣ ከዚያ ይቀመጡ። ስግደት ሐኪምዎ እስኪፈቅድ ይቆይ። ይህን ለንስሐ አባትዎ ቢነግሯቸው ይረዱዎታል። ጾም ላይ ከሆኑም ከእሳቸው ጋር ይነጋገሩ። የተሰፋ ሥጋ ለመጠገን ፕሮቲን ይፈልጋል። ቢያንስ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ከምግብዎ አይጥፋ፤ ተርበውም አይቆዩ።

ወጌሻውን ግን በፍጹም አይቀበሉ። የባለቤትዎ እህት በቅንነት እንዳሰቡ አልጠራጠርም። ነገር ግን የተቀየረ ዳሌን መሳብና ማጠማዘዝ መገጣጠሚያውን ከቦታው ሊያወጣው ይችላል። ያበጠ እግር ውስጥ የረጋ ደም ካለ ደግሞ ማሸቱ አደገኛ ነው። እንዲያሸዎት ከፈለጉ ፊዚዮቴራፒስት (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ጋ ይሂዱ። በየቀኑ የሚሠሩትን እንቅስቃሴም እዚያው ያሳዩዎታል። ለመቀመጫ ጡንቻዎ ከማንኛውም የቤት ሥራ የበለጠ የሚጠቅምዎ እሱ ነው።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስሄዱ ምልክቶችን ልጅዎም ትወቃቸው። አንደኛው ባት ላይ አዲስ እብጠት፣ ሙቀትና ሲነኩት ሕመም ነው፤ በተለይ ተኝተው ካደሩም በኋላ የማይቀንስ ከሆነ። ድንገት ትንፋሽ ማጠርና ደረት መውጋት ካለ ግን ለአንድ ሰዓትም አይጠበቅም። የደም ማቅጠኛው መድኃኒት አለቀ ማለት አደጋው ጨርሶ ሄደ ማለት አይደለም፤ እስከ ሦስት ወር ድረስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቁስሉ ፈሳሽ ከያዘ፣ ዙሪያው ከቀላ፣ ትኩሳት ከመጣ ይሂዱ። ድንገት ከባድ ሕመም መጥቶ መቆም ካቃተዎት፣ እግሩም ያጠረ ወይም የዞረ ከመሰለ፣ ሳይረግጡበት ተሸክመው ይውሰዱዎት።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ ደብተር ይያዙ። በየቀኑ ምን ያህል እንደተራመዱ፣ ምን እንደሠሩ፣ በማግስቱ ጠዋት እንዴት እንደተነሱ በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ወይም ልጅዎ ትጻፍልዎት። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲልዎት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብለው እንዳያልፉት ደብተሩን ይስጡት። ሦስት ነገር ይጠይቁት። ቀዶ ጥገናው የተሠራው በየት በኩል ነው? ሲሚንቶ አለው ወይስ የለውም? ጎንበስ ማለትና በርጩማ ላይ መቀመጥ የሚፈቀድልኝ ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው? የነገረዎትን ልጅዎ እዚያው ትጻፈው።